ነውሩ የተነገረኝ ፈረስ

እኔ በጥላ፣ በሙት ድምፅ፣ በምንትስ የማምን ሰው አልነበርኩም፣ እመነኝ፣ ከሸዋ ተነስተን ባሌ እስክንደርስ ስንቱን ሌሊት ሬሳ አጠገብ ተኝቼ ጠዋት ቆሎዬን ቆርጥሜ የተነሳሁ ሰው ነኝ፣ ጓደኞቼ ከወንዝ ማዶ የጠራን አለ ብለው ሲንቀጠቀጡ የምስቅባቸው እኔ ነበርኩ። ዛሬም ቢሆን ይህን ሌላ ሰው ቢያወራኝ ጠላው በርትቶበት ነው እል ነበር። ግን ያ ቀን ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው፣ አፌ ላይ ውሃ እንኳን አልዞረም፣ ስለዚህ ጠጥቶ ነው እንዳትለኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። ጎባ ከሰፈርን በኋላ ያገባኋት ሴት አስካለ የባልደረባዬ ሚስት ነበረች። ሰውዬው አባ ድረስ ይባላል፣ ያኔ ስም ያለው ወታደር ሁሉ የሚጠራው በፈረሱ ስም ነው፣ የሱም ዳለቻ ፈረስ ድረስ ነበር ስሙ። አባ ድረስ የሳነቴን ተራራ ተሻግሮ ወደ ሐረና ጫካ ለቅኝት እንደወረደ ቀረ። ፈረሱ በአራተኛው ቀን ኮርቻው እንደተጫነ ብቻውን ጎባ ገባ፣ ሬሳው አልተገኘም፣ ገደል ይብላው ሰው ይግደለው የሚያውቅ የለም፣ እኛም በሰው መሬት ላይ ሰፍረን ማን ገደለው ብለን ለመጠየቅ ብዙ አፍ አልነበረንም። አስካለ ዓመት ጠብቃ ተዝካሩን አወጣች፣ ለድግሱ ስትል ፈረሱን ሸጠች፣ ከዚያ እኔን አገባች።

አገባችኝ ስልህ ቤቱ ውስጥ አስገባችኝ ማለቴ ነው። በስተቀኝ ያለው መደብ ላይ ቁርበት ተነጥፏል፣ እዚያ አትቀመጥ፣ የሱ ነው ትለኛለች። ወጥ ስትሠራ እሱ በርበሬ አይወድም ነበር ትላለች፣ እኔ በርበሬ ወዳድ ነኝ፣ ማን ጠየቀኝ? አንድ ቀን ደግሞ ከደጅ ስገባ ደንግጣ፣ «እንደ ሌባ ትገባለህ፣ እሱ እኮ በር ሳይደርስ ሁለት ጊዜ ይስል ነበር» አለችኝ። ቀናሁ፣ ምን እደብቅሃለሁ። ሕያው ቢሆን ጋሻዬን ይዤ ወጥቼ እገጥመው ነበር፣ ከሞተ ሰው ጋር በምን ትጣላለህ?

ታዲያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፣ ያኔ ብልሃት መሰለኝ። ቤቱን ይዣለሁ፣ ሚስቱን ይዣለሁ፣ ፈረሱን ከያዝኩ ስሙም የኔ ነው፣ አባ ድረስ እኔ እሆናለሁ ማለት ነው፣ ከዚያ ወዲያ አስካለ አባ ድረስ ባለች ቁጥር የምትጠራው እኔን ነው። ፈረሱ ሮቤ ኦቦ አደም የሚባሉ ሽማግሌ ጋ እንዳለ ሰምቼ ነበር፣ ለእሷ ሳልነግራት በረቡዕ ገበያ በእግሬ ወረድኩ።

ኦቦ አደም በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፣ እኛ ግን ያኔ ለአገሬው ሰው አንቱ አንልም ነበር፣ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። አካም ጂርታ ብለው በቋንቋቸው ሰላም አሉኝና ፈረሱን አወጡልኝ። ምን የመሰለ ፈረስ። በዚያ ገበያ ደንቡ ይታወቃል፣ ገዢው መያዣ ትቶ ፈረሱን ጋልቦ ይሞክራል፣ ሻጩ ደግሞ ገዢው እግሩን እርካብ ላይ ሳያደርግ የከብቱን ነውር አንድ በአንድ መናገር አለበት፣ ደብቆ ከተገኘ ሽያጩ ፈረሰ። በርኖሴን አውልቄ በመያዣ ሰጠኋቸውና ነውሩን ንገረኝ አልኳቸው።

አይናከስም፣ አይራገጥም፣ አይደነብርም አሉ። ወደ ዲንሾ ብትጋልበው አንድ ነገር የለበትም አሉ። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ «ወደ ጎባ ስትሄድ ግን ወንዙን ተሻግሮ ይቆማል፣ ሲቆም እንዳትመታው፣ ሰውዬው እስኪወጣበት ጠብቀው» አሉኝ።

የቱ ሰውዬ አልኩ። እሳቸውም አላየሁትም፣ ፈረሱን ከሸጠችልኝ ሴትዮ እጅ የተቀበልኩት እዚያ ወንዝ ዳር ነው፣ ይቆማል፣ ወገቡ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ይሄዳል፣ እኔ ግን ሁለት ጊዜ ከዚያው መልሼዋለሁ፣ ወደ ጎባ አልወሰድኩትም አሉ። ሳቅኩባቸው። ዋጋ ሊያስወድዱ ነው ብዬ ነው፣ ደግሞ እኮ ነውር የሚነገረው ዋጋ ለማስቀነስ እንጂ ለማስወደድ አይደለም፣ ያን ጊዜ ይህን ማሰብ አቃተኝ። ጎባ አድሬበት ነገ ጠዋት እመልሳለሁ ብዬ ወጣሁ።

አካሄዱን ብታይ! ሜዳው ላይ ለቀቅ ሳደርገው ምድር የሚነካ አይመስልም፣ ስሜን ለራሴ ደጋግሜ ጠራሁት፣ አባ ድረስ፣ አባ ድረስ፣ ደስ አለኝ። ወንዙ ጋ ስደርስ ከተራራው ጉም ወረደ፣ ቀኑ ገና ነው፣ ግን የፈረሱ ጆሮ ብቻ ነው የሚታየኝ፣ በርኖስ ስለሌለኝ ብርዱ ደረቴን ይቆረጥመኛል። ተሻገርን። ፈረሱ ቆመ።

አልደነገጠም፣ ጆሮውን አላቆመም፣ ዝም ብሎ ቤቱ ደጃፍ እንደደረሰ ሁሉ ቆመ። ሂድ አልኩት፣ በተረከዜ ጎሰምኩት፣ ንቅንቅ የለም። የሽማግሌው ነገር ትዝ ሲለኝ ተናደድኩና በአለንጋ አንድ ጊዜ ሾጥኩት። ያኔ ከኋላዬ እርጥብ ጠፍር ሲጨመቅ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ፣ የፈረሱም ወገብ ቀስ ብሎ ዝቅ አለ። ከዚያ ራሱ መንገድ ጀመረ፣ ግን ያ ቀላል አካሄድ የለም፣ ኮቴው ይከብዳል፣ ጭነት እንደያዘ ያለከልካል። አሁን የምነግርህን ስማኝ፣ ደረቴ በብርድ ደንዝዞ ጀርባዬ ሞቀኝ። ዞሬ አላየሁም። እግዜር ያሳይህ፣ እኔ ያ ሁሉ ጀግና አንገቴን ማዞር አቃተኝ።

ልጓሙን ትቼዋለሁ፣ ፈረሱ ራሱ በማላውቀው አቋራጭ ይዞኝ ወጣና ቤቴ ጓሮ አደረሰኝ። አጥሩ ጋ ስንደርስ ከትከሻዬ ኋላ ሁለት ጊዜ ሳል ተሰማ።

አስካለ በሩን በርግዳ ወጣች። እኔን አንድ ቀን ወጥታ ተቀብላኝ አታውቅም። ነጠላዋ እየተጎተተ መጥታ እርካቡን ያዘች፣ ፊቷን ቀና አደረገች፣ እኔን ግን አላየችም፣ በትከሻዬ ላይ አልፋ ነው የምታየው፣ ፊቷ ደግሞ ወዳጄ፣ ያንን ፊት አንድ ቀን እንኳን ለኔ አሳይታኝ ብትሆን ኖሮ ዕድሜ ልኬን በእግሬ ብሄድ ግድ የለኝም ነበር። «ቆዩብኝ» አለች ቀስ ብላ። የፈረሱ ወገብ ከፍ አለ።

ወርጄ ፈረሱን አሰርኩ፣ ገመዱን ከልክ በላይ አጠበቅኩት፣ በፍርሃት ነው ብልህ እዋሻለሁ፣ በቅናት ነው። ገብቼ ሳይ ለብ ያለ ውሃ በገበቴ ቀድታ ከዚያ ቁርበት ፊት ተንበርክካለች፣ እጆቿ ውሃው ውስጥ እግር እንደሚያሹ ይሄዳሉ። መደቡ ላይ ሰው የለም። እኔ የማየው ሰው የለም። ሳትዞር፣ «አንተ ትንሽ ውጭ ቆይ» አለችኝ።

እኔም ወጣሁ። ከገዛ ቤቴ ውጣ ተብዬ ወጣሁ፣ ፈረሱ አጠገብ ተቀመጥኩ፣ ከውስጥ ዝቅ ብላ ስታወራ እሰማለሁ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሳቀች፣ እኔ ጋ ስትኖር እንደዚያ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። በኋላ ወጥታ ውሃውን ደፋች። የኛን የጎባን አፈር ታውቀዋለህ፣ ጥቁር ነው፣ ያ ውሃ ግን ቀይ ነበር፣ ደም አይደለም፣ ጭቃ ነው፣ እንዲህ ያለ ቀይ ጭቃ ያየሁት ሐረና የወረድን ጊዜ ብቻ ነው። ማን ነበር አልኳት።

«ራስህ አይደለህ ይዘኸው የመጣኸው?» አለችኝና እራት ልታቀርብ ገባች።

ጠዋት ፈረሱን ሮቤ መለስኩ። ሲሄድ አንድ ጊዜ እንኳን አልቆመም፣ ወንዙንም እንደ ጥጃ እየዘለለ ነው የተሻገረው። ኦቦ አደም በርኖሴን ይዘው ደጅ ቆመው ነበር፣ አልገዛም አልኳቸው። ወገቡን በእጃቸው ዳሰሱና፣ «ወረደ?» አሉኝ።

«ወረደ» አልኩ።

«እንግዲህ ፈረሱ ነውር የለበትም» አሉኝ፣ በርኖሴን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝና ፈረሱን ወደ ገበያ ይዘውት ሄዱ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ስንት ዘመን ሆነ፣ አስካለም እኔም አርጅተናል፣ ጠብ የለንም፣ ቁርበቱም ቦታው ላይ ነው። ዳግመኛ እንደ ሌባ ትገባለህ ብላኝ አታውቅም፣ ምክንያቱም ጉም በወረደ ቀን በሬ ላይ ቆሜ ሁለት ጊዜ እስልና ግባ እስክባል እጠብቃለሁ። ብዙውን ጊዜ ግባ የምትለኝ እሷ ናት።