ከትርሲት አጠገብ የቆመው ሰው

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ የማምን ሰው አልነበርኩም፣ ሰዎች ስለ ማንኪራ ጫካ መንፈስ ሲያወሩ «ፊልም ላይ ካልወጣ የለም» እያልኩ የምስቅ ፎቶ አንሺ ነበርኩ፣ እውነቴን ነው የምልህ። ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው፣ ቦንጋ ላይ ትንሽ ፎቶ ቤት ነበረችኝ፣ የተማሪውንም የመንግሥት ሠራተኛውንም ጉርድ ፎቶ የማነሳው እኔ ነኝ።

ቅናተኛ ነኝ፣ አልደብቅህም። ከጎጃም ተመድባ የመጣች ትርሲት የምትባል መምህርት ወድጄ፣ ሽማግሌ ልልክ አንድ ሳምንት ቀርቶኝ ነበር፣ ርዕሰ መምህሩ ሰላም ሲላት እንኳ ቅጥል እል ነበር። ለአባቷ የምትልከው ፎቶ ፈልጋ ማንኪራ ጫካ፣ ቡናው መሐል ወስጄ አነሳኋት፣ ሁለታችን ብቻ ነን። ካሜራውን እዪ ስላት፣ ስሟን እንደጠሯት ሁሉ ሁለት ጊዜ ወደ ግራዋ ዞረች። ቅጠል ሲረገጥ እኔም ሰምቻለሁ፣ ቀጥሎ ቀስ ያለ የወንድ ሳቅ፣ የንብ ቀፎ የሚሰቅል ሰው ይሆናል ብዬ ወደ ዛፉ ሁሉ ባንጋጥጥ ማንም የለም። እሷን ብጠይቃት ምንም አልሰማሁም አለችኝ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ጨለማ ክፍል ገብቼ ማጠብ ጀመርኩ። ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ስነክረው መጀመሪያ ፀጉሯ ወጣ፣ ከዚያ ዓይኖቿ፣ ከዚያ በግራዋ በኩል አንድ ረጅም ሰው፣ ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ፣ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎ። ምስል ተደራርቦ ይሆናል ብዬ ኔጋቲቩን ወደ መስኮት ወስጄ ባየው፣ ከፊቱም ከኋላውም የተነሱት ምስሎች ጥርት ያሉ ናቸው፣ ሰውዬው ግን እዚያው ቆሟል። እመነኝ፣ ከሰውዬው ይልቅ የከነከነኝ የእሷ ፈገግታ ነው። ባወቅኋት አንድ ዓመት ሙሉ እኔን እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። ሰው በዚህ ይፈራል፣ እኔ ቀናሁ።

በሙያችን የፊት ጠባሳ በእርሳስ እንሸፍናለን፣ የማይፈለገውን ደግሞ ኔጋቲቩ ላይ በምላጭ እንፍቃለን፣ የተፋቀው ሲታጠብ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። በሩን ቆልፌ ሰውዬውን ከእግር እስከ ራሱ ፋቅሁት፣ እጁን ሳይቀር። ደግሜ ሳጥበው የጫካ ጥላ መሰለ፣ ባለሙያ እንኳ አይለየውም። ትርሲት ግን አሁንም ወደዚያው እያየች ትስቃለች፣ ሳቋን በምን ልፋቀው?

ቅዳሜ ልትወስድ መጣች። የመጀመሪያውን ቅጂ አቃጥዬዋለሁ፣ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አስጠግታ አየችው፣ ከዚያ ጣቷን ጥቁሩ ቦታ ላይ አሳርፋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ምን አደረግከው?» አለችኝ።

«ማንን?» አልኳት።

ፎቶውን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች።

ሽማግሌም ላክሁ፣ ተጋባን፣ ልጆችም ወለድን፣ ጥሩ ሚስት ናት። ማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም፣ ብትነግረኝስ? ያን ፎቶ ለአባቷ አልላከችውም፣ ሳጥኗ ውስጥ ነው፣ እኔ ስወጣ እያወጣች እንደምታየው አውቃለሁ፣ ምክንያቱም እሷ በሌለችበት እኔም አየዋለሁ፣ ጥቁሩ ቦታ ከመዳበስ ብዛት እየነጣ ነው።