ሐምራዊ ልባስ

እንድሪያስ የሞተው በፋሲካ እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ዳላስ አጠገብ ካሮልተን በሚገኘው የእኅቱ ቤት ጋራዥ ውስጥ ነው። ነጠላውን ከትከሻው ሳያወርድ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀመጠና ሃምሳ አምስት ቀን የታገሠለትን ቬፕ፣ የባትሪ ሲጋራውን፣ አንዴ ሳበው። ሁለተኛውን ሲስብ እጁ ላይ ፈነዳ፤ ከብረት ቱቦው ስብርባሪዎች አንዱ አንገቱን አገኘው። ታላቅ እኅቱ ዓለምጌጥ ሮጣ ስትደርስ እሳቱ ካርቶኖቹን ይዞ ግድግዳውን እየላሰ ነበር። እሳቱን አጠፋችው፤ ወንድሟ ግን አልተረፈላትም። ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም።

ቤቱ መድን ስለ ነበረው የእሳቱን መነሻ እንድታጣራ ማክሰኞ ዕለት ዕፀገነት ተላከች። ዕፀገነት የሃምሳ ስድስት ዓመት ሴት ናት። አዲስ አበባ ሳለች የመብራት ኃይል መሐንዲስ ነበረች፤ ዳላስ ከገባች ወዲህ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ የተቃጠለ ነገር ስትጎረጉር ኖራለች። ልቅሶ ቤት መግባት ይከብዳታል። ሰው እያለቀሰም ይዋሻል፣ የተቃጠለ ሽቦ ግን አይዋሽም ባይ ናት።

«እትዬ፣ ለምን ይደክማሉ?» አለቻት ዓለምጌጥ ገና ከበሩ። ዓይኗ አብጧል። «ገዳዩ ይታወቃል፤ ሀሩን ነው። ባትሪውን የሸጠለት እሱ ነው። ዲቴክቲቩን በየቀኑ ኮል አደርገዋለሁ፤ ዓርብ ኬስ ይከፍትበታል። ደካማውን ባትሪ በጥሩው ልባስ እየሸፈኑ ነው አሉ የሚሸጡት።»

«ዕቃው ከፋሲካ በፊት የት ነበር?»

«እኔ ጋ። ዐደራ ነበር።» ዓለምጌጥ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። «በየዓመቱ በቅበላ ማታ ከነቻርጀሩ በብስኩት ቆርቆሮ ከትቶ ይሰጠኛል። ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ ይለኛል። ሽታውን ብጠላም ቁም ሣጥኔ ውስጥ አስቀመጥኩት።»

«ይቆለፋል?»

«ማን ይነካዋል ብዬ ልቆልፍ? እሱ የሚኖረው አፓርትመንቱ ነው፤ እዚህ ያለነው እኔና ክፍሉ ነን።»

ባሏ ክፍሉ ይህን ሲሰማ ከሳሎኑ ጥግ ተነሥቶ መጣ። ረጅም፣ ጢሙን ሽበት የጀመረው፣ የደብሩ ሰበካ ጉባኤ አባል ነው። ከሰባት ዓመት በፊት በልብ ሕመም ሊሞት ደርሶ ሲተርፍ፣ ሲጋራን ላይነካ ተስሎ የተወ ሰው እንደ ሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ብዙ ወጣትም በእሱ ምክር ትቷል።

«ቬፑንም ጹመው ያልኩት እኔ ነኝ» አለ ራሱን እየነቀነቀ። «እኔማ ማለቴ፣ ዕቃውን በየት በኩል እንደሚከፈት እንኳ አላውቅም።»

ከወዲያ አንዲት ጎረቤት ልቅሶ ደራሹ ያንጠባጠበውን ቆሎ በአሮጌ ቫኪዩም ልትጠርግ ስትነሣ ቤቱ በጩኸት ተሞላ።

«ይቅርታ እትዬ፣ ጆሮ ያደነቁራል» አለች ዓለምጌጥ። «ገመድ አልባው ቫኪዩም በጾሙ እኩሌታ ሞተብን። ክፍሉ እሠራዋለሁ ብሎ ፈታታው፣ ይኸው እስከ ዛሬ።»

ዕፀገነት «የባል ጥገና» ብላ ወደ ጋራዡ አለፈች።

ጋራዡ ውስጥ የፈለገችውን ለማግኘት አንድ ሰዓት ፈጀባት። የፈነዳው ባትሪ ከአመድ ውስጥ ወጣ። የቬፑ ራስ ተስፈንጥሮ መደርደሪያ ሥር ገብቶ ስለ ነበር ከነክዳኑ ደኅና ነው። ተጠባባቂው ባትሪም በፕላስቲክ ማኅደሩ ውስጥ ተርፏል።

መነጽሯን አደረገች። የፈነዳው ባትሪ ሐምራዊ ልባስ ነዶ ቁራጭ ብቻ ቀርቶታል። ራቁት በሆነው ቂጡ ላይ ሞረድ የነካቸው ሁለት ጥቃቅን የብየዳ ነጥቦች አየች። ተጠባባቂውን ገልብጣ አየችው፤ ቂጡ እንደ መስታወት ንጹሕ ነው። ቀጥላ የቬፑን ክዳን ፈታች። ኮይሉ፣ ማለትም ግሎ ፈሳሹን የሚያተንነው የሽቦ ጥቅልል፣ በቦታው አለ፤ ለካችው፣ ዜሮ ነጥብ ዐሥራ አምስት ኦም። በሽቦው መካከል ያለፈው ጥጥ ጠቁሯል፣ ይጣበቃል፣ ጠርዙም አሯል። አሸተተችው። ማንጎ ማንጎ ይላል። ሁሉንም ከረጢት ውስጥ ከተተችና ለማንም ሳትናገር ወጣች።

የሀሩን ቬፕ ቤት መስኮት በድንጋይ ተሰብሮ በጣውላ ተለብጧል። ሀሩን ከእንድሪያስ ጋር ስምንት ዓመት አንድ አፓርትመንት የኖረ ጓደኛው ነው፤ እንድሪያስም ከኤርፖርት ሥራው ሲወጣ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ኮይል ይጠቀልል ነበር።

«ወላሂ እትዬ፣ ልቅሶውን እንኳ እንዳልቀመጥ ተከለከልኩ» አለ ሀሩን። «ከበር መለሱኝ።»

«ልቅሶውን ቆይተህ ትቀመጣለህ። አሁን ሒሳቡን አስረዳኝ።»

ሀሩን ከመደርደሪያው የሟቹን የመሰለ የብረት ቱቦ አወረደ። «ይሄ ኤሌክትሮኒክስ የለውም። ቱቦ፣ ባትሪ፣ ሽቦ፣ በቃ። የሚቆጣጠርልህ ነገር የለም፤ ጥበቃህ ሒሳብህ ነው። ሙሉ ባትሪ አራት ነጥብ ሁለት ቮልት ነው። ለዜሮ ነጥብ ዐሥራ አምስት ኦም ስታካፍለው ሃያ ስምንት አምፒር ይመጣል። ሶ፣ ሠላሳ የማይችል ባትሪ አይገባበትም።»

«ዐሥር የሚችል ቢገባበትስ?»

«ሦስት እጥፍ ሊጎተት? ይግላል፣ ጋዝ ይተፋል። ቱቦ ውስጥ ተዘግቶበት ደግሞ...» ሀሩን ዓይኑን ጨፈነ። «እንድሪያስ እኮ ከስተመር ኮይል ሥራልኝ ሲለው፣ ቀድሞ 'ባትሪህን አሳየኝ' ነው የሚለው። ልባሱ በጥፍር ከተጫረ እንኳ ያስጥለዋል። 'ልባሱ ከተቀደደ ብረቱ ከብረት ይገናኛል' ይላል። ሰዉ ይስቅበት ነበር።»

ዕፀገነት ከየካርቶኑ እያነሣች የባትሪ ቂጥ ማየት ጀመረች።

«ምን እየፈለጉ ነው?»

«ዝም በል፣ እየቆጠርኩ ነው።» ስድሳውንም አየች፤ አንድም የብየዳ ነጥብ የለም። «ይቺን ባዶ ቱቦ አውሰኝ።»

«ይውሰዱት። ግን ኪስዎ ሲከቱት መጫኛው ሥር ያለችውን ቀለበት ይቆልፉ፤ አለዚያ ኪስ ውስጥ ይጫንና ያቃጥላል። ባዶ ቢሆንም ልማድ ነው፣ የሚያጨስ ሰው እጁ ሳያስበው ይቆልፋል።»

ዕፀገነት ቀለበቷ በየት በኩል እንደምትዞር ለማግኘት ሁለት ደቂቃ ታገለች።

ረቡዕ ጧት የእንድሪያስን እጮኛ ፅዮንን ከምትሠራበት ግሬፕቫይን ሆቴል አገኘቻት። ፅዮን የእንግዳ መቀበያው ጀርባ ቆማ እንባዋን በወረቀት ታደርቃለች።

«በቅበላ ተጣላን» አለች። «ወይ እኔን ወይ ጭሱን አልኩት። ጾሙን ሙሉ እኅቱ ቤት አልረገጥኩም። ለፋሲካ ግን ሄድኩ፣ ታረቅን፣ ስምንት ሰዓት ላይ ሺፍት ስለ ነበረኝ ወጣሁ።»

«እያለሽ ነው ቆርቆሮውን የከፈተው?»

«አዎ። ባትሪውን ዙሪያውን አየ፣ ልባሱ ደኅና ነው አለ። ክዳኑንም ክፈተው እንጂ፣ ሁሌ ቼክ ታደርግ የለ ብዬ ሳሾፍበት 'ከእኅቴ እጅ የመጣ እኮ ነው' አለኝ።»

ፅዮን በቅበላ ማታ የላከላትን፣ ለጠባቸው ምክንያት የሆነውን ቪዲዮ ከፈተች። እንድሪያስ አዲስ ኮይል አስሮ፣ በረዶ የመሰለ ጥጥ አስገብቶ፣ ባትሪውን ለካሜራው እያገላበጠ ያሳያል። ክዳኑን ገጥሞ ቱቦውን «ፋሲካ ዕለት እንገናኝ!» ብሎ ሳመው። ዕፀገነት ባትሪው የተገለበጠበት ላይ ቪዲዮውን አቆመችና ቂጡን አጉልታ አየች። ከዚያ የልጁን ሳቅ ደግማ ማየት ስላልቻለች ስልኩን መለሰችላት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ካሮልተን ተመልሳ ክፍሉን ወደ ጋራዡ ጠራችው።

«ግድግዳውን ፎቶ ላንሣ፤ እስቲ ይቺን ያዙልኝ» ብላ የሀሩንን ባዶ ቱቦ አቀበለችው።

ክፍሉ ተቀበላት። ስለ ጣሪያው ጥገና እየጠየቃት ሳለ አውራ ጣቱ ቀለበቷን ሩብ ዙር አዞረ፤ ቀጭ አለች። ቱቦውን ኪሱ ከተተ። ዕፀገነት ፎቶዋን አንሥታ ጨረሰችና አመሰገነችው።

ሐሙስ ከሰዓት ልቅሶ ደራሹ ሲሳሳ ባልና ሚስቱን፣ ፅዮንንና ሀሩንን ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ሀሩን በበሩ ሲገባ ዓለምጌጥ ብድግ አለች።

«ይሄን ሰው ከቤቴ አስወጡልኝ!»

«ተቀመጪ፣ ዓለሜ» አለች ዕፀገነት። «ሰምተሽኝ ስትጨርሺ ከፈለግሽ ሁለታችንንም ታስወጪናለሽ።»

ከረጢቶቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረች።

«የፈነዳው ባትሪ ደካማ ነበር፤ ዲቴክቲቩ እዚያ ላይ አልተሳሳተም። ነገር ግን ቂጡ ላይ የብየዳ ነጥብ አለው። አንድ አንድ ሆኖ የሚሸጥ ባትሪ አይበየድም፤ የሚበየደው ብዙ ሆኖ በአንድ ዕቃ ውስጥ የታሰረ ነው። ይህን አንድ ሰው ከእስሩ ፈልቅቆ፣ ነጥቡን ሞርዶ፣ ሐምራዊ ልባስ አልብሶታል።»

«እሱ ነዋ!» አለች ዓለምጌጥ ወደ ሀሩን እየጠቆመች።

«እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ጠርጥሬ ነበር። የፅዮን ቪዲዮ ግን እንቢ አለኝ። በቅበላ ማታ እንድሪያስ ቆርቆሮው ውስጥ የከተተው ባትሪ ቂጡ ንጹሕ ነው። የሀሩን ባትሪ ደኅና ሆኖ ቆርቆሮው ውስጥ ገባ፤ በፋሲካ የወጣው ሌላ ነው። የተለወጠው በዐደራ ተቀምጦ ሳለ ነው።»

ሀሩን በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ።

«ሁለተኛ፣ ጥጡ። በቅበላ ነጭ ነበር፤ እኔ ያገኘሁት የጠቆረና ያረረ ነው። በሁለት ስበት እንዲህ አይሆንም፣ የሳምንታት ሥራ ነው። ስለዚህ እንድሪያስ እየጾመ ሌላ ሰው ያጨስበት ነበር። ፅዮን በጾሙ ይህን ቤት አልረገጠችም። ሀሩን መኝታ ቤታችሁ አይገባም። ዓለሜ ሽታውን ትጠላለች።»

ክፍሉ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ ማለቴ፣ እኔ ዕቃውን ነክቼው እንደማላውቅ ነግሬያለሁ።»

«ነግረውኛል። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። ትናንት ቱቦ ሳስይዝዎ፣ እኔ መሐንዲሷ ሁለት ደቂቃ የታገልኩባትን ቀለበት ሳያዩ ቆልፈው ኪስዎ ከተቱ። እጅዎ ያውቀዋል፣ አቶ ክፍሉ። በጾሙ እኩሌታ የሞተው ቫኪዩምም ጋራዥ አለ፤ ከፍቼ አየሁት። ስድስት ባትሪ የሚታሰርበት ቦታ ላይ አምስት ነው ያለው።»

ክፍሉ ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ወረደ። ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ሆነ።

«ባትሪው ከእጄ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ልባሱ ተቀደደ፣ ጎኑም ተጨረመተ። እንድሪያስ ጭረት እንኳ አያልፍም፣ ይጠይቃል። ምን ልበለው? ስለቴን አፍርሼ፣ እሱን ጹም እያልኩ እኔ ቁም ሣጥን እየከፈትኩ... የቫኪዩሙን ባትሪ ስለካው ልኩ አንድ ነው። ልክ ገጠመ። ባትሪ ያው ባትሪ ነው ብዬ። ልባሱን ኦንላይን አዘዝኩ፣ በፀጉር ማድረቂያ አጠበቅኩት። ከዚያ ወዲህ ዕቃውን አልነካሁትም። አምላኬን፣ እሱን ልጎዳው አይደለም። እንዳላፍር ነው።»

«ሐምራዊውን ልባስ ብቻ አይቶ ነው ያመነው» አለች ዕፀገነት። እበሳጭበታለሁ ብላ ጠብቃ ነበር፤ ይልቁንስ አዘነች። «የሰውን ባትሪ ሁሉ ሲመረምር የኖረ ልጅ፣ ከእኅቱ እጅ የተቀበለውን ሳይመረምር ሞተ።»

ሁሉም ዓለምጌጥ ትጮኻለች ብለው ጠበቁ። አልጮኸችም። ባሏን ሳይሆን ወለሉን እያየች «ማንጎ» አለች።

«ምን?» አለች ፅዮን።

«ማንጎ ይሸተው ነበር። በጾሙ ሦስተኛ ሳምንት፣ ሸሚዙን ሳጥብ። ዐወቅኩ። ትልቅ ሰው ነው፣ በአገር ፊት የሚከበር፣ ላላሳፍረው ብዬ ዝም አልኩ። ቆርቆሮውን ከፍቼ እንኳ አላየሁም። ወንድሜ ዐደራውን የሰጠው ለእኔ ነበር እኮ። ለእሱ አይደለም፣ ለእኔ!»

ክፍሉ እጁን ወደ እሷ ዘረጋ፤ አልያዘችውም። ስልኳን አንሥታ ከጥሪዎቹ ሁሉ በላይ ያለውን የዲቴክቲቩን ቁጥር ነካችና ለባሏ አቀበለችው።

«በራስህ አፍ ንገረው። ከዛሬ ወዲያ በእኔ ዝምታ አትደበቅም።»

ክፍሉ ስልኩን ተቀብሎ እየተንገዳገደ ወደ ጓዳ ገባ። ከውስጥ የተሰባበረ እንግሊዝኛው ይሰማ ጀመር።

ዕፀገነት ከረጢቶቿን ሰበሰበች። ሀሩን ነጻ መውጣቱን ሰምቶም አልወጣም፤ ወዴት እንደሚሄድ የጠፋው ይመስል በሩ አጠገብ ቆሟል። ዓለምጌጥ ቀና ብላ አየችው። ከአጠገቧ ያለውን ባዶ ወንበር በእጇ ጠረገችለት።

ሀሩን መጥቶ ተቀመጠ። በጓደኛው ሞት በአምስተኛው ቀን፣ ልቅሶ ቤት ተቀምጦ አለቀሰ።