ከሬሳ ክፍሉ የወሰድነው ቅዝቃዜ

ይሄን የምነግራችሁ እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም። ያመነ ይመን፣ ያላመነ ይተወው። እኔ ላይ ግን ደርሷል... በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ።

የሆስፒታል ማቀዝቀዣ ሲባል ግድግዳ ላይ የምትሰቀለው ሳጥን እንዳትመስላችሁ። እኔ የምሠራበት ምድር ቤት ውስጥ እያንዳንዳቸው አውቶቡስ የሚያክሉ ሦስት ማሽኖች አሉ። ውሃ ያቀዘቅዛሉ። ውሃው የሰው ወገብ የሚያክል ውፍረት ባለው ቧንቧ ወጥቶ ሕንፃውን ሁሉ ይዞራል።

አንዱ ማሽን ከተበላሸ ዓመት አልፎታል። አለቆቻችን "ይታሰብበታል" ይላሉ። የእነሱ ቢሮ መቼም ሞቆ አያውቅ።

እኛም ዘዴ አበጀን። ሙቀቱ ሲበረታ ወደ ሬሳ ክፍል የሚሄደውን ውሃ ዘግተን ለቀዶ ጥገና ክፍል እንሰጣለን። "እነሱ እንደሆኑ አቤት አይሉ" እየተባባልን እንስቃለን።

የዚያን ቀን ቀዶ ጥገና ላይ የነበረው ታናሽ ወንድሜ ነው። ልቡ ላይ ነበር የሚሠሩት።

የቀዶ ጥገና ክፍሉ ነርስ ደወለች። "ክፍሉ እየሞቀ ነው፣ ሐኪሞቹ ላብ በላብ ሆነዋል። እባክህ አንድ ነገር አድርግ።"

የሬሳ ክፍሉን ውሃ ዘጋሁት።

ትንሽ ቆይቶ የውስጥ ስልኩ ጮኸ... ከሬሳ ክፍል።

"ልጄ..." አለኝ የአሮጊት ድምፅ። "ሞቀን። ክፈትልን።"

የፅዳት ሠራተኛ መሰሉኝ። "እስቲ ጋሼን ያቅርቡልኝ" አልኩ። ጋሼ የምንለው የሬሳ ክፍሉን ጠባቂ ነው።

"ምን ፈለግክ?" አለኝ ጋሼ... ከኋላዬ። ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክራል።

"እዛ ማን አለ?"

"ማን ይኖራል? ቆልፌ ነው የወጣሁት።"

ስልኩ አሁንም ጆሮዬ ላይ ነው።

"ካልከፈትክልን... ብርዱ ወዳለበት እንወጣለን።"

ፈራሁ፣ ምን እዋሻለሁ። ግን ወንድሜ ደረቱ ተከፍቶ ተኝቷል። እንዴት አድርጌ ልክፈት? ስልኩን ዘጋሁት።

ብዙም ሳይቆይ ነርሷ ደወለች። በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

"ኧረ በዛ... ቀንሱት። በረዶ ሆንን እኮ።"

መለኪያውን አየሁ። ምንም አልተለወጠም።

ያኔ ሮጬ የሬሳ ክፍሉን ውሃ ከፈትኩላቸው፣ እስከ መጨረሻው። ምን ዋጋ አለው...

ቀዶ ጥገናው ተሳካ። አለቆቼ ሳይቀሩ መጥተው ጨበጡኝ። እነሱን ብሎ እንኳን ደስ ያለህ ባይ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከሰዓት ልጠይቀው ሄድኩ። ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ነው። ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ተለጥፎ ተኝቷል፣ ሊወድቅ ትንሽ ነው የቀረው።

"ምነው የኔ ወንድም፣ መሀል ግባ እንጂ።"

ላስተካክለው አንሶላውን ነካሁ። ባዶው በኩል እርጥብ ነው፣ እጅ ያደነዝዛል። ትራሱ ሰርጉዷል።

ወንድሜ እጄን ያዘኝ።

"ቀስ በል" አለኝ። "እኚህን እማማ ገና አሁን ነው እንቅልፍ የወሰዳቸው።"

የሰረጎደው ትራስ ቀስ ብሎ ቀና አለ... አንድ ሰው ጭንቅላቱን ሲያነሣ እንደሚሆነው።