ያልተጠየቀው ወንድም

«ታላቅ ወንድምዎ ሮስኮ በልጅነቱም ይዘፍን ነበር?» አለ የሬዲዮ ጋዜጠኛው፣ መቅረጫውን ወደ ለቬል እያስጠጋ።

«ይዘፍን ነበር ወይ? ዶሮዎቹ እንቁላል መጣል እስኪያቆሙ ድረስ!»

ጋዜጠኛው ከት ብሎ ሳቀ።

ናዲን በረዶ የገባበት ሻይ በረንዳው ላይ እያቀረበች ትሰማለች። ጥያቄው ሁሉ ስለ አጎቷ ስለ ሮስኮ ነው፤ ስላገኘው ሽልማት፣ ቺካጎ ስለገዛው ቤት። አባቷ ለቬልም የብሉዝ ሙዚቃ ጊታር ተጫዋች መሆኑን ሰውየው ጨርሶ የረሳው ይመስላል። ትምህርት ቤትም ያው ነው። ጓደኛዋ ዣኔል አባቷን «የሮስኮ ፎቶ ኮፒ» ስትለው ናዲንም አብራ ትስቃለች። ሲጫወት ግን አንድም ቀን ሄዳ ሰምታው አታውቅም።

የጋዜጠኛው መኪና ከጥጥ እርሻው ማዶ ሲሰወር አባቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ስለራስህ ለምን ምንም አልነገርከውም?»

«መች ጠየቀኝ?»

«እኔ ብጠይቅህስ?»

ለቬል ቀና ብሎ አያት። «ምኑን?»

«ከቺካጎ ለምን ተመለስክ? ሮስኮ አባሮህ ነው ይላሉ።»

«ወሬኞች!» አለ እየሳቀ። «ለዓመታት ከኋላው ቆሜ ተጫውቻለሁ። ሸክላዎቹ ላይ ስሜ አለ፤ መነጽር ካደረግሽ ይታይሻል። ከዚያ እናታችን ታመመች። ለሳምንት ብዬ መጣሁ። እሷን ሳስታምም ሌላ ተጫዋች ቀጠሩ። እኔም የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንዳት ጀመርኩ። እናትሽንም ያገኘኋት ያኔ ነው።»

«አልቆጨህም?»

ለቬል ሻዩን አነሳ። ከብርጭቆው ፉት አለ።

«አንዳንዴ፣ ሬዲዮ ስከፍት እሱ ሲዘፍን ከሰማሁ፣ ይቆጨኛል። አልዋሽሽም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሚስ ኦፓል ዓሣ ምግብ ቤት ስጫወት ግን፣ አንዷ ሴትዮ ተነስታ ‹ለቬል፣ ዛሬ ተኝተሃል እንዴ?› ብላ ትጮህብኛለች። ከዚያ በኋላ የምጫወተውን እኔም አላውቀውም፣ ከየት እንደሚመጣ። ሮስኮ ትዝም አይለኝም።»

«ከሁለታችሁ ማን ይበልጣል?»

«ጆሮ የለሽም እንዴ አንቺ?» አለና ተነስቶ ወደ ቤት ገባ።

የናዲን ስልክ ጮኸ። ዣኔል ነበረች።

«ስሚ፣ ዛሬ ማታ ስኬቲንግ ልንንሸራተት ነው! እናቴ መጥታ ትወስድሻለች።»

ናዲን ወደ በሩ ዞረች። ከውስጥ አባቷ የጊታሩን ክሮች ሲቃኝ ይሰማታል።

«አልመጣም። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ አባቴ ይጫወታል።»

«አባትሽ? ታዲያ እሱ ምን አዲስ ነገር አለው?»

«እኔ እንጃ» አለች ናዲን። «ሰምቼው አላውቅማ።»

ስልኩን ዘጋችና ወደ ውስጥ ተጣራች።

«አባዬ! ስንት ሰዓት ነው የምንወጣው?»