አግዳሚው ላይ የተሰለፉት ራኬቶች

ልብስ ሰፊዋ እጇን ወደ አግዳሚው ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው።

ብትፈራ ይፈረድባታል? እናትና አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ፣ ጋሽዬ የምትለው ጎሚስታው ነው። ሲወዳት ለጉድ ነው፤ ሲቆጣ ግን አያድርስ! አንዴ አንድ ልጅ እስከ በር ሸኛት ብሎ የጎማ መፍቻ ብረቱን ይዞ ሰፈሩን ሙሉ አሯሩጦታል። ልጁ ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ዝር አላለም።

የሰፈሩ አዳራሽ ድሮ አንዲት የጠረጴዛ ቴኒስ ጠረጴዛና ጥቂት ተጫዋች ብቻ ነበረው። ያኔ ከአናጢው ጋር እስኪደክማቸው ይጫወቱ ነበር። ፀጉሩ ላይ የእንጨት ብናኝ እንዳለ ይመጣል፤ ኳስ ሲያቀብላት ዓይኑን ቶሎ አይነቅልም። ሌላ የሚገናኙበት ቦታ የላቸውም።

አሁን ግን ጡረተኛው፣ ነርሷ፣ ባለሱቋ፣ ኧረ ማን ቀረ! ጋሽዬም ቦርጩን ላጥፋ ብሎ ጀመረ። ስለዚህ ተራ የሚያዘው በራኬት ሆነ። ሁሉም እንደ አመጣጡ አግዳሚው ላይ ይደረድራል፤ ከፊት ያሉት ሁለቱ ይጋጠማሉ። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል የሷና የአናጢው ራኬት ሁልጊዜ ጎን ለጎን ይውላል። ዕድል ነው ትል ነበር።

ዛሬ ግን ዕድሏ ከዳት። አናጢው ራኬቱን አኑሮ ወጣ ብሏል፤ በሱና በሷ ራኬት መሀል የጋሽዬ ራኬት ተጋድሟል።

ግራ ቀኝ አየች። ማንም አላያትም። የጋሽዬን ራኬት ብድግ አድርጋ የሰልፉ ጭራ ላይ አስቀመጠችው።

«አንቺ!»

ጋሽዬ ከኋላዋ ቆሟል።

«ለካ አንቺ ነሽ! ይሄ ራኬት በየምሽቱ እግር አውጥቶ ጭራ የሚሄደው!»

«ጋሽዬ ሙት፣ ዛሬ ገና ነው የነካሁት!»

«ዝም በይ! ማንን አገኝ ብለሽ ነው? ሁለተኛ እዚህ አዳራሽ ድርሽ አትይም!»

አለቀልኝ አለች በሆዷ። ከእንግዲህ አናጢውን የት ታየዋለች?

«እሷ አይደለችም» አለ አንድ ድምፅ ከበሩ።

አናጢው ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል። ውጣ፣ ሩጥ ልትለው ፈለገች። እሱ ግን መጥቶ ከጎኗ ቆመ።

«የሌላውን ቀን ሁሉ እኔ ነኝ ጋሼ። አብሬያት ለመጫወት ብዬ ነው። እወዳታለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ አየችው። ያ ሁሉ ዕድል እሱ ነበር ለካ!

ጎሚስታው ወደ አናጢው ተጠጋ። እጁን ሲያነሳ ዓይኗን ጨፈነች።

«ቦርጬ ያልጠፋው ባንተ ነዋ!» ሲል ሰማችው። «እሁድ ቤት ና። እንነጋገራለን።»

«እመጣለሁ።»

«ብትቀር ግን ወዮልህ!»

ዓይኗን ስትገልጥ ነርሷ ተራው ይስተካከል ብላ የጋሽዬን ራኬት ከሁለቱ መሀል ወደ ነበረበት ቦታ መልሳው ነበር። ጋሽዬ አየው። ተነፈሰና ብድግ አድርጎ፣ በገዛ እጁ፣ ጭራ ላይ አስቀመጠው።