ዘይት አውጪዋና የመስፍኑ ሆድ

መስፍኑ በተሾመ በዘጠነኛው ዓመት፣ የክረምቱ ዝናብ ባባራ በሁለተኛው ሳምንት፣ የከተማው ቅጥር መሠረት ከላይኛው በር ጀምሮ እየተቆፈረ ወርዶ ታችኛው ሰፈር ሲደርስ ቆመ። ጉድጓዱ ውሃ አቁሯል፤ የተጠረበው ድንጋይ በመንገድ ዳር ተከምሯል፤ ቆፋሪዎቹም እጃቸውን አጣጥፈው ትእዛዝ ይጠብቃሉ። ቅጥሩ እንዲያልፍ ቤታቸው ሊፈርስ የተወሰነባቸው ባለእጆች «ልጆቻችንን የምናስገባበት ሳይሰጠን አንወጣም» ብለው በየደጃፋቸው ስለ ተቀመጡ፣ ከመካከላቸው ሰባቱ ተይዘው ወኅኒ ወርደው ነበር። ፍርዳቸው ሁለት ጊዜ ተቀጥሮ ሁለት ጊዜ ተላለፈ። ምክንያቱ በአዋጅ አልተነገረም፤ ነገር ግን ግቢ የደበቀውን ገበያ ያውቀዋልና፣ መስፍኑ ሰገራ መውጣት ካቃተው ዘጠኝ ቀን እንደ ሆነው ከተማው ሁሉ በሹክሹክታ ያወራ ነበር።

ነገሩ የሚያስቅ ይመስላል፤ የሳቀ ግን አልነበረም። መስፍኑ በደኅናው ቀን እንኳ ሰው ሁሉ የሚፈራው ነው፤ ሆዱ የደረቀ ጊዜማ ሳህኑን በአቅራቢው ራስ ላይ ይሰብራል፤ የገዛ ባለሟሉን ከደረጃ ገፍትሮ ክንዱን ሰብሮታል። እንዲህ ሆኖ ችሎት ቢቀመጥ ምን ሊፈርድ እንደሚችል እያሰቡ የእስረኞቹ ቤተ ሰቦች እንቅልፍ አጡ።

ከሰባቱ አንዱ ሸማኔ ሲሆን፣ ታላቅ እኅቱ በዚያው ሰፈር ዘይት አውጪ ናት። የናና ቅጠል፣ የእንስላል ፍሬ፣ የዝንጅብል ሥር በትልቅ ድስት አፍልታ፣ እንፋሎቱን በመዳብ ቧንቧ አሳልፋ በቀዝቃዛ ውሃ ታበርደዋለች፤ ከላይ የሚንሳፈፈውን ጥቂት ዘይት በላባ ጫፍ እየሰበሰበች በትንንሽ ብልቃጥ ትሞላለች። ለጠየቃት ሁሉ «አንድ ጠብታ ይበቃል» ስለምትል እትዬ ጠብታ ብለዋት ቀርተዋል። ልጅ አልወለደችም። እናታቸው ስትሞት ሸማኔው ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን ነበርና በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት።

በዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ የግቢው እልፍኝ አስከልካይ በሯን አንኳኳ። የላከችው የመስፍኑ ታላቅ እኅት እመቤቲቱ ነበረች፤ መልእክቷም አጭር ነው፦ መስፍኑ ከዳነ የዘይት አውጪዋ ወንድም ይለቀቃል። ዘይት አውጪዋ ብልቃጦቿን በጨርቅ ጠቅልላ ነጠላዋን ስታነሣ ጎረቤቷ የአንጥረኛው ሚስት ገባች። ባሏ ከሰባቱ አንዱ ነው፤ ወሬው ከእልፍኝ አስከልካዩ ቀድሞ ደርሷታል።

«እትዬ፣ አይሂዱ» አለቻት። «እሱ እስከ ተኛ ድረስ የኛ ሰዎች በሕይወት አሉ። የሚነሣው ሊፈርድባቸው ነው።»

«እሱ አይደለም ክፉው፤ ሕመሙ ነው። ሆዱ ሲቀለው ልቡም ይቀለዋል። ስንቱን አሽቻለሁ፤ ሲመጣ የሚያገሣው ሁሉ ሲሄድ መርቆኝ ነው።»

«ቢሳሳቱስ?»

ዘይት አውጪዋ በሩ ላይ ቆም አለች። «ወንድሜ እዚያ ውስጥ ነው» አለች፤ ይህ ግን ለጥያቄው መልስ እንዳልሆነ ራሷም ታውቀው ነበር።

መስፍኑ ከፍ ባለ አልጋ ላይ ጉልበቱን ሰብስቦ በጎኑ ተኝቷል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ሊቀ ጠቢባን የሚባለው የግቢው ሐኪም በራስጌው ቆሟል፤ ሦስት ጊዜ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ሰጥቶት፣ ሦስቱም ጊዜ ቁርጠት እንጂ ሌላ አላመጣም። በዚያ ግቢ ደግሞ አንድ የጸና ሥርዐት ነበረ፤ በመስፍኑ አፍ የሚገባ ማናቸውም ነገር፣ ውሃ እንኳ ቢሆን፣ አስቀድሞ ይቀመሳል፤ ከዚያም ሰዓት የሚቆጠርበት የአሸዋ መለኪያ ሁለት ጊዜ እስኪገለበጥ ይጠበቃል፤ ቀማሹ በእግሩ ከቆመ ለመስፍኑ ይቀርባል። መድኃኒት ሲሆን ቀማሹ ራሱ መድኃኒተኛው ነው። ሐኪሙ ከብልቃጦቹ አንዱን አንሥቶ በጽዋ ገለበጠና ዘረጋላት።

«ይህ አይጠጣም፣ ጌታው» አለች። «ጥቂቱ በሰሊጥ ዘይት ተለውሶ ሆድ የሚታሽበት ነው። ጥሬውን ቢጠጡት አንጀት ያቃጥላል።»

«መርዝ መሆኑን በገዛ አፏ ተናገረች» አለ ሐኪሙ። ሁለት ዘበኞች ከበሩ ወደ እሷ ቀረቡ።

ዘይት አውጪዋ ብትጠጣ በቁርጠት ትወድቃለች፤ መርዝ ነው ይባላል። ባትጠጣም መርዝ ነው ይባላል። በሁለቱም መንገድ ሞቷ ብቻ ሳይሆን የወንድሟም ሞት ይከተላል። የመጣችበትን ሰዓት ረገመች። መስፍኑ በዚያን ጊዜ ዐይኑን ገልጦ፣ መድኃኒት ከሆነ ለምን እንደማትጠጣው ጠየቃት።

«ጌታዬ፣ ሳሙናም ያነጻል፤ ማንም ግን አይበላውም።»

እመቤቲቱ ከአልጋው ግርጌ ተነሣች። «በቅምሻው ፈንታ መጀመሪያ እኔን ታሸኝ» አለች። «እኔም ስድስት ቀኔ ነው። አፍሬ ነው ዝም ያልኩት።» በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ወንድሟ ግን ቀና ብሎ አያት፤ ስድስቱን ቀን አብራው ስትበላ ሰንብታ ይህን አላወቀም ነበር።

ከመጋረጃው ጀርባ ዘይት አውጪዋ የእመቤቲቱን ሆድ እያሸች፣ በቀን ስንት ጽዋ ውሃ እንደምትጠጣ ጠየቀቻት። ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት። ለምን ቢሏት፣ እሷም እንደ ወንድሟ የተቀመሰ ብቻ ስለምትጠጣ ነው፤ አሸዋው ወርዶ እስኪያልቅ ውሃው ይሞቃል፤ ጥሙም ያልፋል። መስፍኑማ ከተማው ማጉረምረም ከጀመረ ወዲህ አንድ ጽዋ ብቻ ነው። ዘይት አውጪዋ እጇ ቆመ። የመስፍኑን ሆድ ያደረቀው መርዝ መፍራቱ ነበር። ይህን ሐኪሙ ፊት መናገር ደግሞ ሥርዐቱን መንቀፍ ነውና ምላሷን ዋጠች።

አሸዋው ሁለት ጊዜ ተገለበጠ፤ እመቤቲቱም በእግሯ ቆማ ወጣች። ከዚያ በኋላ ዘይት አውጪዋ ናናውንና ዝንጅብሉን በጠብታ ቆጥራ በሰሊጡ ዘይት ለወሰች፤ እጇን አሙቃም ከቀኝ ጎኑ ሥር ወደ ላይ፣ ከእምብርቱ በላይ አሻግራ፣ በግራ ጎኑ ወደ ታች፣ ደግማ ደጋግማ ቀስ ብላ አሸችው። ቁርጠቱ ረገብ አለለት፤ ትንፋሹም ረዘመ። ይህን ጊዜ ውሃ እንዲመጣ ለመነች። ከማሰሮው አንድ ጽዋ ቀድታ ፊቱ ጨልጣ ጠጣች፤ በዚያው ጽዋ ቀድታ ወዲያው ዘረጋችለት። ሐኪሙ ወደ አሸዋው መለኪያ እጁን ሰደደ።

«አሁን ይጠጡ፣ ጌታዬ። መድኃኒቱ እኩሌታው ይህ ነው፤ ሲቆይ አይሠራም።»

መስፍኑ ጽዋውን ይዞ ብዙ አያት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አሸዋው ያልተጠበቀበት ውሃ ጠጥቶ አያውቅም። በመጨረሻ ጠጣው፤ ሌላም ጠየቀ። እስኪመሽ ድረስ ስምንት ጽዋ ጠጣ፤ በየመካከሉም እኅቱን ተደግፎ በአዳራሹ ወዲያና ወዲህ ተመላለሰ። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ሆዱ ተፈታ። ዘበኞቹ መስፍኑ ሲስቅ የሰሙት ያን ጧት ነው። ዘይት አውጪዋ ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች፤ ሰባቱም ዳኑ ብላ ነበርና።

ችሎቱ በዚያው ረፋድ ተከፈተ። ዘይት አውጪዋና የአንጥረኛው ሚስት ጎን ለጎን ቆመው አዩ። መስፍኑ ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ እያንዳንዱን በትዕግሥት ሰማ፤ የአንዱ ጉሮሮ ቢደርቅ ውሃ ስጡት አለ። ከዚያም ሸማኔው ለእኅቱ እንዲሰጥ፣ ስድስቱ ግን እንዲሰቀሉ፣ ቤቶቹም ከነገ ጀምሮ እንዲፈርሱ ፈረደ። ከተማው በኋላ «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» እያለ ያወራው ይህን ነው።

ዘይት አውጪዋ ሰውን ጥሳ ከእግሩ ሥር ወደቀች፤ የስድስቱንም ምሕረት ለመነች። ሊያስነሡአት የመጡትን ዘበኞች በእጁ ምልክት ከለከላቸው።

«ሆዴን ሰጠሁሽ እንጂ ፍርዴን አልሰጠሁሽም» አላት በለሰለሰ ድምፅ። «ታምሜ ሳለሁማ ልተዋቸው አስቤ ነበር። ለነገሩ ሁሉ ጉልበት አጥቼ።»

ክፋቱ የሆዱ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባት። ወንድሟ እስራቱ ተፈትቶ አጠገቧ ቆሞ ሳለ፣ የአንጥረኛውን ሚስት ዞራ ለማየት ዐቅም አጣች።

ሸማኔው ከእኅቱ ጋር ኖረ፤ ሸማውንም ሠራ፤ አንድ ቀን አልወቀሳትም። ቢወቅሳት ይሻላት ነበር። ሁለት ወር ካለፈ በኋላ የአንጥረኛው ሚስት ሆዷ የደረቀባትን አማቷን ደግፋ መጣች፤ አማቷን አስቀምጣ እሷ በበሩ ደፍ ላይ ቆመች። ዘይት አውጪዋ አሮጊቷን አሽታ ስትጨርስ ይቅርታ ለመጠየቅ አፏን ከፈተች።

«ውሃውን የምትጠጣው ከመታሸቷ በፊት ነው በኋላ?» አለች የአንጥረኛው ሚስት።

«በፊትም በኋላም።»

የአንጥረኛው ሚስት አማቷን ደግፋ ሄደች።

የዚያ ግቢ ታሪክ ጸሐፊ ስለ ዘጠነኛው ዓመት የተወው ሦስት መስመር ነው፦ መስፍኑ ታሞ በሊቀ ጠቢባኑ ጥበብ ዳነ፤ በዚያው ወር ስድስት ዐመፀኞች ተቀጡ፤ ቅጥሩም ተፈጸመ። ከኋላ የመጡ አንባቢዎች ሦስቱን መስመሮች ለየብቻቸው አነበቡ፤ አንዱ ሌላውን እንደ ወለደው የጠረጠረ አልተገኘም። ዛሬ ስለ ዘይት አውጪዋ የሰሙ ጥቂቶች ስሟ መዘለሉ ግፍ ነው ይላሉ። እሷን ቢጠይቋት ኖሮ፣ ስድስቱ እያንዳንዳቸው በስማቸው ተጽፈው እሷ ጨርሳ ብትቀር በወደደች ነበር።