ከውስጥ የተቆለፈው በር

አርብ ከሰዓት በኋላ ሀዋሳ ውስጥ ሁለት ዓይነት የመንግሥት ሠራተኛ ይታያል። አንደኛው ሥራውን ሲጨርስ ቀስ እያለ ወደ ሐይቁ ያመራል፤ ሁለተኛው ሥራውን ሳይጨርስ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ መናኸሪያ ይሮጣል። ጥሩወርቅ ከሁለተኞቹ ወገን ነበረች። ከአዲስ አበባ ተዛውራ ከመጣች ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ቢሞላትም፣ ሳሎኗ ውስጥ አራት ካርቶኖች በገመድ እንደታሰሩ ተቀምጠዋል። ለምን እንደማትፈታቸው የሚጠይቃት ካለ፣ «ነገ ዝውውሬ ቢመጣስ?» ትላለች።

ከተማዋን ጠልታ አልነበረም። ጠዋት ወደ ቢሮዋ ስትሄድ የጎዳናውን ስፋት፣ የዘንባባውን ጥላ፣ በብስክሌት እየተጫወቱ የሚያልፉትን ተማሪዎች ሳታደንቅ የዋለችበት ቀን የለም። ነገር ግን የምታደንቃት የሆቴል እንግዳ በመስኮት እንደሚያደንቅ ነበር። የጎረቤቶቿን ስም እንኳ በቅጡ አታውቅም።

አባቷ አቶ ገብረየስ ግን ሌላ ሰው ነበሩ። ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ ናቸው፤ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ከልጃቸው ጋር ሊኖሩ መጡ። የስኳር ሕመም ስላለባቸው ሐኪም በእግር እንዲሄዱ አዟቸዋል። በመጡ በወሩ የሰፈሩን ሰው ሁሉ በስም ይጠሩ ጀመር። በሲዳማ ቋንቋ «ኬሬ» ብለው ሰላምታ ሲሰጡ ሕፃናቱ በሳቅ ይፈርሳሉ፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ጎረቤታቸው አቶ ደምሴ በባጃጃቸው መጥተው ጥሩንባ ይነፉላቸዋል። ሁለቱ ሐይቅ ዳር ወርደው ትንሽ ይራመዳሉ፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች በዓሣ ትርፍራፊ ሲጣሉ አይተው፣ የትኛው እንዳሸነፈ እየተከራከሩ ይመለሳሉ።

የአቶ ደምሴ ባለቤት ወይዘሮ ሮማን አንድ ቀን የጥሩወርቅን በር አንኳኩ።

«ጥሩዬ፣ የሰፈራችን እድር እሁድ ይሰበሰባል። አባባን ይዘሽ ነይ እንጂ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ ሮማን። የእኛ እድር አዲስ አበባ ነው።»

«ውይ! ታዲያ አንድ ነገር ብትሆኑ ድንኳኑን በአውቶቡስ ሊልኩላችሁ ነው?» ብለው ሳቁ።

ጥሩወርቅ ለይሉኝታ ፈገግ አለችና በሩን ዘጋች። እንዲያውም በዚያው ሰሞን ሠራተኛ ጠርታ በአጥሩ አናት ላይ የጠርሙስ ስባሪ አስተከለች። ብቻቸውን ለሚቀሩት አባቷ ማሰቧ ነበር።

እነሆ አንድ አርብ፣ እንደ ልማዷ ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«አባዬ፣ እስክመለስ በሩን ከውስጥ ቆልፈው ይቀመጡ። ማንንም እንዳያስገቡ፤ የማናውቀው ሰው ነው።»

«ማንን ነው የማናውቀው? እኔ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። የማታውቂያቸው አንቺ ነሽ።»

«እሺ፣ ለእኔ ሲሉ።»

ለእሷ ሲሉ ቆለፉ።

በማግሥቱ ጥሩወርቅ አዲስ አበባ በእድሯ ስብሰባ ላይ ተቀምጣ የአባላት ስም ሲጠራ ትሰማለች። ስልኳ ጮኸ። የአባቷ ቁጥር ነው፤ ድምፁ ግን የእሳቸው አልነበረም።

«ጥሩዬ፣ ሮማን ነኝ። አትደንግጪ። አባባ ሐኪም ቤት ናቸው። አሁን ነቅተዋል፤ ግን ነይ።»

ብድግ ስትል ወንበሩ ወደቀ። ሰብሳቢው ነገሩን ሲሰሙ፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ማታ ደውለን እንጠይቃቸዋለን» አሏት። ከልባቸው ነበር፤ ከዚያ ርቀት ከዚህ የበለጠ ምን ሊያደርጉላት ይችላሉ?

አምስት ሰዓት ያህል ተጓዘች። በእነዚያ ሰዓታት በአእምሮዋ የሚመላለሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያ ቁልፍ።

ስትደርስ አባቷ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። አቶ ደምሴ ከአልጋው ግርጌ ቆመዋል፤ የሱሪያቸው ጉልበት ተቀዷል፣ ቀኝ እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሏል። የሆነውን የነገሯት ወይዘሮ ሮማን ናቸው። አቶ ገብረየስ መርፌያቸውን ከወሰዱ በኋላ ቁርስ ሳይበሉ ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ስተው ነበር። አንድ ሰዓት ላይ ባጃጁ ጥሩንባ ቢነፋ መልስ የለም፤ በሩ ቢደበደብ ዝም። አቶ ደምሴ በአጥሩ ዘለው ሲገቡ አቶ ገብረየስን ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ወድቀው አገኟቸው፤ በሩን ከውስጥ ከፍተው በባጃጅ አከነፏቸው። ሐኪሙ ምን ሕመም እንዳለባቸው ሲጠይቅም መልሱ ዝግጁ ነበር።

«ሻይ ያለ ስኳር ለምን እንደሚጠጡ ነግረውኝ ነበራ!» አሉ ወይዘሮ ሮማን። «ስልክሽን ግን አናውቀውም። ከራሳቸው ስልክ ላይ ‹ልጄ› የሚለውን ፈልገን ነው የደወልነው።»

ጥሩወርቅ ዓይኖቿን ከፋሻው ላይ መንቀል አቃታት። «አቶ ደምሴ… እጅዎን ጠርሙሱ ነው?»

«ኧረ ተይው፣ ይድናል። የሚቆጨኝ ሱሪዬ ነው፣ አዲስ ነበር።»

«ይኸው ነው እንግዲህ» አሉ አቶ ገብረየስ በደከመ ድምፅ። «አባ ኮዳ ጠርሙስ ሳይነካው አጥር ይሻገራል፤ አንተ ግን ደምሴ፣ ክንፍ የለህም።»

ሁሉም ሳቁ። ጥሩወርቅም ልትስቅ ብላ እንባዋ ቀደማት። አባቷ እጇን ያዙ።

«ልጄ፣ የቆለፍነው ለሌባ ነበር። ሌባ አልመጣም። ደጅ ያስቀረናቸው እነዚህን ነው።»

በማግሥቱ እሁድ ጥሩወርቅ በሰፈሩ እድር መዝገብ ላይ ስሟን አስጻፈች። በዚያው ሳምንት ጠርሙሶቹን አስነቀለች፤ ካርቶኖቹንም ፈታች። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር በባጃጅ ሐይቅ ዳር ወረደች። ዓሣ አጥማጁ፣ ጋዜጣ አዟሪው፣ የጀልባው ባለቤት በየተራ፣ «የአባባ ልጅ አንቺ ነሽ?» እያሉ ጨበጧት። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የኖረችባት ከተማ የዚያን ቀን ተቀበለቻት፤ ከተማዋ ግን ገና ከመጀመሪያው እጇን ዘርግታ እንደነበር ጥሩወርቅ ገብቷታል።

አንባቢ ሆይ፣ በየከተሞቻችን ዝውውር እየጠበቁ ዓመታትን እንደ እንግዳ የሚገፉ ብዙዎች ናቸው። መመለስን መመኘት ነውር የለውም። ነገር ግን በመካከሉ ያለውም ጊዜ ዕድሜ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ውስጥ የሚያማቸው፣ የሚወድቁ፣ የሚነሡም የእኛው ሰዎች ናቸው። በምንኖርበት ሰፈር መታወቅና ማወቅ ለራሳችንም ለቤተሰባችንም ያለብን ግዴታ ነው።

ከወር በኋላ ጥሩወርቅ ለአንድ ጉዳይ አዲስ አበባ መሄድ ነበረባት። ከመሄዷ በፊት የእነ ወይዘሮ ሮማንን በር አንኳኳች።

«እትዬ ሮማን፣ ይህቺ የቤታችን ትርፍ ቁልፍ ናት። እርስዎ ጋ ትሁን።»

ወይዘሮ ሮማን ቁልፉን ተቀብለው በጎን አየት አደረጓት። «ነገ ዝውውርሽ ቢመጣስ?»

«ያን ጊዜ ይመልሱልኛል» አለች ጥሩወርቅ እየሳቀች። «እስከዚያ ግን የምኖረው እዚህ ነው።»